ከሕብለ ሰረሰር ጉዳት በኋላ ሰገራን ሰዓት ስለማስያዝ

እህታችን፣ ወንድምዎ ጀርባው ከተጎዳ ወዲህ ሰገራው ለቀናት እየደረቀ ቆይቶ ከዚያ ሳያውቀው እንደሚያመልጠው ጽፈው፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ልስጠው ወይ ብለው ጠይቀዋል። እኔም ደረቴ ላይ ሕብለ ሰረሰሬ (በአከርካሪ አጥንት ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ) ተጎድቶ ደብረ ብርሃን በዊልቸር የምኖር ነኝና፣ እስኪደርቅ ጠብቆ በመድኃኒት ከመጥረግ ይልቅ በቁርጥ ሰዓት ማስወጣት እንደሚሻል ከኑሮዬ አውቃለሁ።

መጀመሪያ የጉዳቱን ቦታ ሐኪሙን ይጠይቁ። ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳው ከታችኛው ጫፉ በላይ ከሆነ የፊንጢጣው ጡንቻ ጥብቅ ቢልም ሲነካ በራሱ የመግፋት ምላሽ ይሰጣል፤ ጫፉ ወይም ከዚያ የሚወርዱት ነርቮች ከተጎዱ ግን ጡንቻው ስለሚላላ፣ ሰገራውን ጓንት ባጠለቀ ጣት አብዛኛውን ጊዜ በየቀኑ ማውጣት ያስፈልጋል።

የእኔ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ምግብ ሆድ ሲገባ አንጀት ስለሚንቀሳቀስ፣ ጠዋት ቅንጬ በልቼ ትኩስ ሻይ ከጠጣሁ በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቼ መሃሉ በተቆረጠ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ የማይሰማ ገላ ቶሎ ስለሚቆስል ጠርዙ በስፖንጅ ተሸፍኗል። ባለቤቴ ጥፍሯን አሳጥራ፣ ጓንቱን በደንብ ቅባት ቀብታ ጣቷን ቀስ ብላ ታስገባና ከ15 እስከ 20 ሰከንድ በዝግታ ታዞራለች፤ ሰገራው ወጥቶ እስኪያልቅም በየ5 እስከ 10 ደቂቃው ትደግመዋለች። በእኛ ብርድ ውሃ መጠጣት ይረሳል፤ በሶና ቆሎ እየበሉ፣ ተልባም ቢሆን፣ ያለ በቂ ውሃ ድርቀቱን ያባብሰዋል።

ከድርቀቱ በኋላ የሚያመልጠው ቀጭን ከሆነ ተቅማጥ ነው ብለው ማቆሚያ እንዳይሰጡት አደራ። የደረቀው መንገዱን ዘግቶ ፈሳሹ ብቻ በጎኑ እየሾለከ ሊሆን ስለሚችል፣ የሚያስቀምጠውንም ከመስጠትዎ በፊት ይመርመር።

ጉዳቱ 6ኛው የደረት አከርካሪ ላይ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ፣ ሰገራውን በሚያስወጡበት መሃል ድንገት ራሱን ከፈለጠው፣ ፊቱ ከቀላና ካላበው የደም ግፊቱ እየናረ ሊሆን ይችላል። ማስወጣቱን ወዲያውኑ ትተው ቀና አድርገው ያስቀምጡት፤ የጠበቀ ልብሱን ይፍቱ፣ የሽንት ቱቦ ካለውም አለመታጠፉን ይመልከቱ፤ ካልተሻለው ሳይዘገዩ ሆስፒታል ያድርሱት።

ሰዓቱን፣ ምግቡንና መድኃኒቱን በአንድ ጊዜ አይለዋውጡ። አንዱን ቀይረው ጥቂት ዙር ይዩት፤ የወጣበትን ሰዓትና የሰገራውን ጥንካሬ በደብተር ይዘው ለሐኪሙ ቢያሳዩ፣ በፊንጢጣ የሚገባው ቢሳኮዲል የተባለ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ያስፈልገው እንደሆነ በቀላሉ ይወስናል።