ማስታወሻው አለ፤ ሲፈለግ ግን አይመጣም

ጥያቄ፦ ማስታወሻዬን ሁሉ በአንድ አውትላይነር አፕ (ማስታወሻን አንዱን በሌላው ሥር፣ በቅርንጫፍ በቅርንጫፍ የሚያስቀምጥ) ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ሥራ፣ ቤት፣ ልጆች፣ ጤና፣ ሰነዶች፣ ሁሉም እዚያው ነው። አሁን ቅርንጫፉ ሰባትና ስምንት ደረጃ ወርዷል። ሰሞኑን የልጄን የክትባት መረጃ ስፈልግ «ጤና» ሥር ይሁን «ልጆች» ሥር ይሁን «ሰነዶች» ሥር ግራ ገባኝ። ሰርች ባደርግም አልመጣልኝም። እንደጻፍኩት ግን እርግጠኛ ነኝ። አፕ ልቀይር?

መልስ፦ ለጊዜው አይቀይሩ። አፕ ሲቀየር ዝርክርክነቱም አብሮ ይዛወራል፤ ሥራዬ የሰው መዝገብ ማስተካከል ስለሆነ ይህን ደጋግሜ አያለሁ። እርስዎ ዘንድ ያሉት ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። አንዱ የፍለጋ ነው፣ ሌላው የአቀማመጥ። ከፍለጋው እንጀምር፤ እሱ ዛሬውኑ ይስተካከላል።

መጀመሪያ ሲፈልጉ የት እንደነበሩ ያስታውሱ። እንደ ወርክፍሎዊ ባሉ አውትላይነሮች አንድ ቅርንጫፍ ውስጥ ገብተው ሰርች ካደረጉ አፑ የሚፈልገው እዚያ ቅርንጫፍ ውስጥ ብቻ ነው። «ጤና» ውስጥ ሆነው «ልጆች» ሥር ያለውን ቢፈልጉ አይመጣም። ወደ ዋናው ገጽ ይውጡና እንደገና ይሞክሩ። ብዙ «ጠፋብኝ» የሚባል ነገር የሚገኘው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ፊደሉ አለ። ለእኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ድምፅ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዳቸው በዩኒኮድ (ለፊደላት ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት) የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው፣ የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው። «ሕክምና» ብለው ጽፈው «ህክምና» ብለው ከፈለጉ፣ ይህን እንዲያውቅ ተደርጎ ያልተሠራ አፕ «ምንም የለም» ይልዎታል። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው ናቸው። ስለዚህ ሲፈልጉ አንዱ አጻጻፍ ካልሠራ ሌላውን ይሞክሩ። ከዚህ በኋላ ለሚጽፉት ደግሞ በአስፈላጊ ማስታወሻዎች ግርጌ አንድ የቁልፍ ቃላት መስመር ይጨምሩ፤ ለምሳሌ «ክትባት ሕክምና ህክምና ሐኪም ሀኪም»። አያምርም፣ ግን ይሠራል።

ሌላው ጣጣ ከቃሉ ፊት የሚለጠፉት የ፣ በ፣ ለ፣ ከ ናቸው። አንዳንድ አፖች ቃልን የሚያገኙት ከመጀመሪያው ፊደል ተነስተው ብቻ ነው። ኤቨርኖት ለምሳሌ የቃሉን መጀመሪያ ሰጥተውት ቀሪውን እንዲያሟላ ማድረግ ይቻላል፤ ከመሃል ጀምሮ ግን አይሆንለትም። እንዲህ ያለ አፕ ውስጥ «የክትባት» ብለው የጻፉት «ክትባት» ሲሉት አይመጣም። የእርስዎን አፕ ለመፈተን አዲስ ማስታወሻ ይክፈቱና «የክትባት ካርድ» ብለው ይጻፉ። ከዚያ ወጥተው «ክትባት» ብለው ይፈልጉ። ካልመጣ ርዕሶችዎን ያለ ቅጥያ ይጀምሩ፦ «ክትባት፣ የልጄ፣ ካርድ»።

መረጃው ፎቶ ብቻ ከሆነስ? አፑ በፎቶው ላይ ያለውን የአማርኛ ጽሑፍ ያነባል ብለው አይተማመኑ። ከፎቶው ሥር ምን እንደሆነ፣ የማን እንደሆነና ቀኑን ይጻፉ። ቀኑን በየትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደሚጽፉ ደግሞ አንዴ ወስነው በዚያው ይጽኑ።

አሁን ወደ ቅርንጫፉ። አውትላይን ለማሰቢያ ግሩም ነገር ነው። የኮምፒውተር ተመራማሪው ዳግላስ ኤንግልባርት በ1968 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ኮምፒውተሩን ለሕዝብ ሲያሳይ፣ ካሳያቸው ነገሮች አንዱ የሚገዙ ዕቃዎችን ዝርዝር በየምድቡ ከፍሎ መክፈትና መዝጋት ነበር። ዕቅድ፣ የስብሰባ ነጥብ፣ ገና እየተጻፈ ያለ ሐሳብ፣ እነዚህ ቅርንጫፍ ይወዳሉ። ቅደም ተከተላቸውና ማን በማን ሥር እንደሆነ ራሱ ትርጉም አለው። ለማስቀመጫ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። በዛፍ ላይ አንድ ነገር አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው። የልጅዎ ክትባት ደግሞ ጤናም፣ ልጅም፣ ሰነድም ነው። ሦስት ትክክለኛ ቦታ ያለው ነገር ሁልጊዜ ይጠፋል።

የእኔ ምክር ቋሚ መረጃን በዓይነቱ ሳይሆን በባለቤቱ ማስቀመጥ ነው። «ጤና» የሚለውን ትተው የእያንዳንዱን ሰው ስም ይጻፉ፤ ለቤቱና ለመኪናውም አንዳንድ ቅርንጫፍ ይስጡ። ክትባቱ የማን ነው? የልጄ። አለቀ። ኢንሹራንሱስ? የመኪናው። ከሦስት ደረጃ በላይ መውረድ ካስፈለገዎት ያ ነገር የራሱ ገጽ ይፈልጋል ማለት ነው። በሁለት ቦታ የግድ መታየት ያለበት ካለ ኮፒ አያድርጉት፤ አንዱን አድሰው ሌላውን ይረሱታል። ሊንክ ያድርጉ። ወርክፍሎዊ ላይ ሚረር የሚባለውን መጠቀም ይችላሉ፤ አንዱ ቦታ ሲታረም ሌላውም አብሮ ይታረማል።

የድሮውን ሁሉ ቁጭ ብለው ላስተካክል እንዳይሉ! ሁለት ቅዳሜ ይበላዎትና መሃል ላይ ይሰለቻሉ። «የድሮ» የሚል አንድ ቅርንጫፍ ይክፈቱና ሁሉንም እንዳለ እዚያ ይክተቱ። አንድ ነገር ፈልገው ባገኙት ቁጥር እሱን ብቻ አውጥተው ወደ አዲሱ ቦታው ይውሰዱት። ጨርሶ የማይወጣው እዚያው ይቅር፤ ማንንም አይጎዳም።

ይህን ከመንካትዎ በፊት ግን ባክአፕ ያውጡ። አውትላይነርዎ በኦፒኤምኤል (አውትላይነሮች በሚለዋወጡት የፋይል ዓይነት) ኤክስፖርት የሚያደርግ ከሆነ ያንን ይምረጡ፤ ሌሎች አውትላይነሮች ደረጃዎቹን እንደጠበቁ ሊከፍቱት ይችላሉ። ኦፒኤምኤል የሚይዘው ጽሑፉንና ደረጃውን ነው። ፎቶና የተያያዙ ፋይሎችን ለብቻ ያውርዱ። ፋይሉን ባዶ አካውንት ወይም ሌላ አፕ ላይ ከፍተው ማየትዎን አይርሱ፤ ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ እንደሌለ ይቆጠራል።

የይለፍ ቃል እዚያ ውስጥ ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ያውጡት። አብዛኞቹ የማስታወሻ አፖች የተሠሩት ለዚያ አይደለም። ለእሱ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ አፕ አለ።

ይህን ሁሉ አድርገው ፍለጋው አሁንም አልታዘዝ ካለ፣ ወይም አፑ ኤክስፖርት የሚባል ነገር ጨርሶ ከሌለው፣ ያን ጊዜ ይቀይሩ። ሲቀይሩ ማስታወሻን በገዛ ኮምፒውተርዎ ላይ ተራ የጽሑፍ ፋይል አድርጎ የሚያስቀምጥ ይምረጡ። ኦብሲዲያን የሚባለው አፕ በማርክዳውን (ርዕስና ዝርዝር በቀላል ምልክቶች በሚጻፍበት ተራ ጽሑፍ) እንዲያ ያደርጋል። ጥቅሙ የአፑ ፍለጋ ባይመችዎ እንኳ ፋይሎቹን በሌላ የጽሑፍ ፕሮግራም ከፍተው ከቃሉ መሃልም ቢሆን መፈለግ መቻልዎ ነው። ከመዛወርዎ በፊት ግን ያቺን የ«የክትባት ካርድ» ሙከራ አዲሱም አፕ ላይ ያድርጉ።