የጎረቤቴ ባል እንግሊዝኛ ጠፋባቸው፣ እኔ ለልጄ አማርኛ ፈራሁ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

የምጽፍልዎ ከሜልበርን ነው። እኔና ባለቤቴ እዚህ ከገባን አስራ አንድ ዓመታችን። ሁለት ልጆች አሉን፣ ትልቋ ዘጠኝ፣ ትንሹ ስድስት። እኔ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ አዳር እሰራለሁ፣ እሱ የጭነት መኪና ይነዳል። አንዳንድ ሳምንት የምንገናኘው በር ላይ ነው፤ አንዱ ሲገባ አንዱ ሲወጣ።

ነገሬ የሚጀምረው ግን ከጎረቤት ነው። ከአጥራችን ማዶ ያረጁ ጣሊያናዊ ባልና ሚስት አሉ። ሴትየዋን ሰፈሩ ሁሉ ኖና ይላቸዋል፣ በእነሱ አያት ማለት ነው። ሁለቱም ከካላብሪያ ናቸው፣ ከደቡብ ጣሊያን። ባልየው ቀድመው መጡ። ሰርጉ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1958 በሀገራቸው ቤተክርስቲያን ሲሆን ሙሽራው እዚህ ሜልበርን ነበሩ፤ ወንድማቸው በቦታቸው ቆሞ «አዎ» አለላቸው። በውክልና! ከዚያ ኖና አንድ ወር ያህል በመርከብ ተጉዘው ወደብ ሲወርዱ ባላቸውን የሚለዩበት ፎቶ ብቻ ነበራቸው። «ፎቶው ላይ ፀጉር ነበረው» ይላሉ፣ ሰውየው እየሰሙ።

እሳቸው ልብስ ስፌት ፋብሪካ፣ ባልየው ግንባታ ገቡ። አምስት ዓመት ሰርተው ሊመለሱ ነበር። ልጅ መጣ፣ ሌላ ልጅ፣ ቤት ተገዛ፣ ጓሮው ውስጥ በለስ ተተከለ፣ በለሱ አሁን ከጣሪያው በላይ ነው።

እኔና ኖና መጀመሪያ በምን እንደተግባባን ልንገርዎ? በካልሲ። የትንሹ ካልሲ በአጥር ማዶ ወድቆ «ካልሲ! ካልሲ!» እያለ ሲጮህ ሴትየዋ አንገታቸውን ብቅ አድርገው በሳቅ ሞቱ፤ ለካ ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ከዚያ ቦርሳ መጣ፣ ሱጎ መጣ፣ ፍሬን መጣ። ባለቤቴ አያቱ አርበኛ ስለነበሩ መጀመሪያ «ደግሞ ከጣሊያን ጋር!» ብሎ ነበር። አሁን የሽማግሌውን ጺም የሚላጨው እሱ ነው።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ሽማግሌው የመርሳት በሽታ ያዛቸው። ከስልሳ ዓመት በላይ የሰሩበት እንግሊዝኛ ሄደ። የቀራቸው የመንደራቸው ቋንቋ ነው። ልጆቻቸው ትንሽ ትንሽ ይሰማሉ፣ የልጅ ልጆቹ ግን ምንም። ባለፈው ልጠይቃቸው ስገባ አንድ ጎረምሳ የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጧል፣ እሳቸው አንድ ነገር ደጋግመው ይሉታል፣ እሱ «ኦኬ ኖኖ፣ ኦኬ» ይላል። ኖና ከኩሽና መጥተው መስኮቱን ዘጉት። በርዷቸው ነበር።

ያን ማታ ስራ ቦታ ይህንኑ ሳስብ አደርኩ። እናቴ ከደሴ ስትደውል የእኔዋ «ሃይ አያቴ» ትልና ስልኩን ትመልስልኛለች። ባለቤቴ ትምህርት ላይ ወደኋላ እንዳይቀሩ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ይነገር ባይ ነው። እኔ ደግሞ ልጅቷን ለአንድ ዓመት እናቴ ጋ ልሰዳት አስቤያለሁ። «አብደሻል» አለኝ። ከተኳረፍን ሦስት ሳምንታችን። ምን ይሉኛል?

ግራ የገባኝ እናት

መልስ

እህቴ፣ ልጅቷን አትላኪያት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከእናቷ ተለይታ ዓመት ከርማ አማርኛውን ትይዝ ይሆናል፣ ግን «ለምን ላኩኝ?» የሚለውንም አብራ ይዛ ትመለሳለች። ባልሽ በዚህኛው ልክ ነው። በእንግሊዝኛው ግን ተሳስቷል፣ እሱን እመጣበታለሁ።

የጎረቤቶችሽን ነገር ያየሽው ከመጨረሻው በኩል ነው። እነሱ ሲመጡ ብቻቸውን አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1947 አውስትራሊያ ውስጥ በጣሊያን የተወለዱት 33 ሺህ ገደማ ነበሩ፣ በ1971 289 ሺህ ገደማ ደረሱ። በመሃሉ በ1951 ሁለቱ መንግሥታት የስደት ስምምነት ተፈራርመዋል። ስምምነቱ ስራ አለ ብሎ ያመጣቸው ሰዎች በማግስቱ ዓመት ቦኔጊላ የሚባል የስደተኞች ሰፈር ውስጥ ያለ ስራ ተቀምጠው፣ ወይ ስራ ወይ መመለሻ ብለው አመፁ። እና ያኔ ስደተኛው የሚሰማው ምክር አንድ ነበር፦ ቶሎ እንደ እኛ ሁኑ፣ ልጆቻችሁን በእንግሊዝኛ አናግሩ። ባልሽ ዛሬ የሚለው ያ ያረጀ ምክር ነው።

ሌላም አለ። «አምስት ዓመት» የሚሉት ነገር። እንመለሳለን የሚል ሰው ቋንቋውን «ስንመለስ ይለምዱታል» ብሎ ያሳድረዋል። ብዙዎቹም ኖሩ ኖሩና የአውስትራሊያ ዜግነት ሲወስዱ የጣሊያኑን አጡ፣ ሕጋቸው ሁለቱንም መያዝ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። (የእኛው እስከ ዛሬ አልፈቀደም፣ እሱን ተይው።)

በጣም የሚያሳዝነኝ ግን ይሄኛው ነው። እነዚያ ልጆች ቤት ውስጥ የሰሙት የካላብሪያ ወይም የሲሲሊ የመንደር ቋንቋ ነው። ትምህርት ቤት ጣሊያንኛ መማር ሲጀምሩ ደግሞ የመጽሐፉ ሌላ ሆነ፣ የእናታቸው ቃል ስህተት ተባለ። በእንግሊዝኛው ጊዜ አፍረው፣ በጣሊያንኛውም አፍረው፣ ብዙዎቹ ዝም አሉ። ዝም ያለ ወላጅ ለልጁ ምን ያወርሳል?

እኛስ ቤት? ልጅቷ «ነገ መጣሁ» ስትል ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ይስቃል፣ ቪዲዮ ቀርጾ ለቤተሰብ ይልካል። እሷም ሁለተኛ አፏን አትከፍትም። የእናንተ ልጅ ስልኩን ቶሎ የምትመልሰው ማንም ስቆባት እንደሆነ አጣሪ። ከሆነ አስቁሚ፣ እናትሽም ብትሆን።

ጣሊያኖቹ ምን ቀራቸው ብለሽ ብትጠይቂኝ ደግሞ፣ የቲማቲሙ ቀን ቀርቷቸዋል። እዚያ በጋው ሲያልቅ፣ የካቲት ላይ፣ ቲማቲም በሳጥን ይገዛል፣ ቤተሰቡ ሁሉ ጓሮ ይወጣል፣ አንዱ ይፈጫል፣ ልጆች ጠርሙስ ያጥባሉ፣ በየጠርሙሱ አንድ አንድ ቅጠል በሶብላ ይጨምራሉ። ያ ቀን ስራ ስላለው ልጅ ሊያመልጠው አይችልም፣ «ያን አቀብለኝ» ሲባል ቃሉን ከዕቃው ጋር ይይዘዋል። አንቺም ስልኩን «ሰላም በያት» ብለሽ አትስጫት፣ ጉዳይ ስጫት። «አያትሽን ሽሮው ላይ ውሃው መቼ ነው የሚገባው ብለሽ ጠይቂልኝ» በያት። እናትሽ እንግሊዝኛ የላቸውም፣ መልሱን ካላመጣች ሽሮ የለም።

ጣሊያኖቹን ግን በሁሉም ልቅዳቸው አትበይ። ያኔ ሁለት የፋብሪካ ደመወዝ ቤት ይገዛ ነበር፣ አንቺና ባልሽ በር ላይ ነው የምትገናኙት። ቅዳሜ ትምህርት ቤት፣ እሁድ መዝሙር፣ ማታ ፊደል እያልሽ አትጀምሪ፣ በወር ትተዪዋለሽ። ሽሮውና ስልኩ ይበቃሉ። ባልሽን ደግሞ «ቤት ውስጥ አማርኛ!» ብለሽ አትዘዢው። ልጆቹን መኪና ውስጥ ሲያደርሳቸው እሱ በአማርኛ ያውራ፣ እንግሊዝኛውን ትምህርት ቤቱ በነጻ ይሰጣቸዋል፣ ሁለት ቋንቋ ያለው ልጅ ወደኋላ አይቀርም። የሽማግሌ ጺም የሚላጭ ሰው ክፉ አይደለም፣ ፈርቶ ነው። ኩርፊያውን አንቺ ስበሪው።

አንድ ነገር ልጨምር። ያን ማታ ያስጨነቀሽ የልጅሽ አማርኛ ብቻ አይመስለኝም። አንቺ አርጅተሽ «መስኮቱን ዝጉልኝ» ስትዪ ታይቶሻል። እንዲህ ከሆነ ከጎረቤት ጀምሪ፣ ሙያሽም ነው። ነገ ከልጅሽ ጋር ኖና ዘንድ ግቢ፣ በረደኝ፣ ጠማኝ፣ አመመኝ፣ መስኮት፣ ሽንት ቤት፣ እንዲህ አስር ቃል ይበሏችሁ። ልጅሽ ትጻፈው፣ አልጋው አጠገብ ለጥፉትና ለዚያ ጎረምሳ አሳዩት። በእንግሊዝኛ ፊደል ብትጽፈውም ግድ የለም።