አሥራት ይከፈላል ወይስ ይወጣል?

ጥያቄ፦ ስለ ክርስቲያናዊ ስጦታ ለምእመናን የሚሆን አጭር የትምህርት ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «እያንዳንዱ አማኝ ከገቢው አሥር በመቶ አስራት መክፈል አለበት» ብዬ ጽፌ ነበር። ረቂቁን ያየልኝ ወዳጄ «መክፈል» የሚለውን ሰርዞ «ዕዳ ነው እንዴ? ማውጣት በል» ብሎ ጻፈበት። «ክርስቲያናዊ መጋቢነት» ያልሁትን ርእስም «ባለአደራነት» ብሎ ቀየረው፤ መጋቢ ሲባል ሰው የሚያስበው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው ይላል። እውነቱ ከማን ጋር ነው?

መልስ፦ በግሱ ከወዳጅዎ ጋር፣ በርእሱ ከእርስዎ ጋር ነኝ።

«ከፈለ» እንዲያው ተሰርዞ የሚታለፍ ቃል አይደለም። በግእዝ መጀመሪያ ትርጉሙ ማካፈል፣ በድርሻ መለየት ነው፤ «ክፍል» የሚለው ስም ከዚያ የወጣ ነው። እንግዲህ ብልኅ ተከራካሪ ተነሥቶ «አሥራት ከፈለ ማለት ገቢውን አሥር ቦታ ከፍሎ አንዱን ለየ ማለት ነው» ሊል ይችላል። እኔም በዚህ ክርክር አንድ ሰሞን ተማርኬ ነበር። የሚያፈርሰው ግን ራሱ ዐረፍተ ነገሩ ነው። «ውርሱን ለልጆቹ ከፈለ» ስንል ተሳቢው ሙሉው ነገር ነው፤ የሚቆራረጠው እርሱ ነው። «ኪራዩን ከፈለ»፣ «ዕዳውን ከፈለ» ስንል ግን ተሳቢው ከእጅ የሚወጣው ገንዘብ ነው። አሥራት ሙሉው ሳይሆን ድርሻው ስለሆነ፣ «አሥራት ከፈለ» ሲባል የአማርኛ ጆሮ ከውርሱ ጎን ሳይሆን ከኪራዩ ጎን ያስቀምጠዋል። ማካፈልን ለመናገር ከተፈለገማ «ገቢውን ከፈለ» መባል ነበረበት።

ለዚህ አነጋገር ታሪክም ሳያግዝ አልቀረም። አሥራት በአማርኛ የሃይማኖት ቃል ብቻ ሆኖ አልኖረም፤ ከእህል ምርት ላይ የሚሰበሰብ የመንግሥት ግብር ስምም ነበር፤ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር እስኪተካው ድረስ። ግብር ደግሞ ይከፈላል። ስለዚህ «አሥራት መክፈል» የሚሉትን ሰዎች ተሳሳቱ አልላቸውም። የግብር ሽታ ያለው ቃል መረጡ ግን እላለሁ፤ ስለ ልግስና በሚያስተምር ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ ያ ሽታ ይረብሻል።

«አወጣ» ለምን ይሻላል? የ1954 ዓ.ም. መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች ግሶቹን እንዴት እንዳደላደሉ ይመልከቱ። አብራም ለመልከ ጼዴቅ «ከሁሉ አሥራትን ሰጠው» ይላል ዘፍጥረት 14፤ ተቀባዩ ፊት ለፊት ቆሟል፣ ስለዚህ «ሰጠ»። በሉቃስ 18 ፈሪሳዊው ሲጸልይ «ከማገኘውም ሁሉ አሥራት አወጣለሁ» ይላል፤ ተቀባይ አልተጠራም፣ የሚታየው ምንጩ ነው፣ ስለዚህ «አወጣ»። በሚልክያስ 3 ደግሞ «አሥራቱን ሁሉ ወደ ጎተራ አግቡ» ተብሏል፤ እዚህ የሚታየው መድረሻው ነው። «ሰጠ» ያለ «ለ» ይጎድለዋል፤ «አወጣ» «ከ»ን ይፈልጋል፤ «አገባ» «ወደ»ን። የእርስዎ ዐረፍተ ነገር «ከገቢው» ብሎ ስለ ምንጩ የሚናገር ነውና የሚገባው ግስ «አወጣ» ነው። ወዳጅዎ በጆሮ ያገኙት ይህንኑ ይመስለኛል።

በነገራችን ላይ «መባ» የሚለው ቃል ይህንኑ የማግባት ሐሳብ በሆዱ ይዞ ነው የሚዞረው። ግእዙ «መባእ» ሲሆን የወጣው «ቦአ» (ገባ)፣ «አብአ» (አገባ) ከሚለው ግስ ነው። መባ ማለት እንግዲህ የሚገባ ነገር ማለት ነው።

አጻጻፉን በተመለከተ፣ ቃሉ ከአሥር ቁጥር የወጣ ስለሆነ (በዕብራይስጥም እንዲሁ ነው) በንጉሡ ሠ ይጻፋል፤ ጥንቁቅ ልሁን ለሚል በግእዙ መሠረት በዓይኑ ዐ ጀምሮ «ዐሥራት» ይላል። «አሥራት» ግን ይበቃል። በእሳቱ ሰ «አስራት» ሲሆን ማሰር ጣልቃ ይገባል፦ «ላሚቱን አስራት ሄደች»።

«አሥር በመቶ አሥራት»ም አንዱ ይበዛል። አሥራት ራሱ ከአሥር አንድ ነው። ከዚያ የሚበልጥ የሰጠ ሰው «ሃያ በመቶ አሥራት አወጣሁ» ቢል ቁጥሩ ከስሙ ጋር ይጣላል፤ ትርፉ ስጦታ ነው። ጳውሎስ በሁለተኛ ቆሮንቶስ 9 «እያንዳንዱ በልቡ እንዳሰበ ይስጥ» ሲል አሥራት የሚለውን ቃል አያነሣም፤ ግሱም «ይስጥ» ነው።

አሁን ወደ ርእሱ። «መጋቢ» ዛሬ በብዙ ምእመናን ጆሮ የአገልጋይ ማዕርግ መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሥሩ «መገበ» በግእዝ ማስተዳደር፣ የሰውን ቤትና ንብረት መምራት ነው፤ በአማርኛ ማብላት ወደሚለው ጠበበ እንጂ። ፈጣሪ ፍጥረቱን የሚጠብቅበትን «መግቦት» የምንለው በዚያው በሰፊው ትርጉም ነው። በሉቃስ 16 ባለጠጋው «የመጋቢነትህን ሒሳብ አስረክበኝ» የሚለው ለሰባኪ አይደለም፤ ንብረቱን ለሚያስተዳድርለት ሰው ነው።

«ባለአደራ» ጥሩ አማርኛ ነው፣ ግን ሌላ ነገር ይላል። አደራ የተቀበለ ሰው ግዴታው አንድ ነው፤ የተቀበለውን ሳይጎድል መመለስ። የበላው «አደራ በላ» ይባላል፤ ያልበላው ተመስግኖ ይሄዳል። በማቴዎስ 25 አንዱን መክሊት የቀበረውን አገልጋይ ያስቡት። «እነሆ፥ መክሊትህ አለህ» ብሎ ሙሉውን መለሰ። ባለአደራነቱ እንከን የለውም። ጌታው የተቆጣው በመጋቢነቱ ነው፤ ገንዘቡ እንዲሠራበት ነበር የተሰጠው። ስለዚህ ጽሑፍዎ ገንዘብን ስለ መጠበቅ ከሆነ «ባለአደራነት» ይበሉ፤ ስለ ማዋልና ስለ ማካፈል ከሆነ፣ ስለ ስጦታ ነው ካሉኝ ዘንድ፣ «መጋቢነት»ን አይልቀቁ። አንባቢው ከማዕርጉ ጋር እንዳያምታታው በመጀመሪያው አንቀጽ «የጌታን ንብረት በኀላፊነት ማስተዳደር» ብለው ቢፈቱለት ይበቃል።

ዐረፍተ ነገሩም እንዲህ ይቃናል፦ «እያንዳንዱ አማኝ ከገቢው አሥራት ያውጣ።» «ያውጣ» በቂ ነው ወይስ «ማውጣት አለበት» መባል ይኖርበታል የሚለውን ግን የሚወስኑት የሃይማኖት መምህራን ናቸው፤ ሰዋስው ሁለቱንም ይፈቅዳል።