ጉበት ሲታመም አይጮህም

ልጆቼ፣

ደሴ ውስጥ በላብራቶሪ ሙያ ከ30 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ሐኪሙ የሰውን ፊት ያያል፤ እኔ ብዙውን ጊዜ የማየው ደሙን ነበር። ደም በማሽን ሲሽከረከር ቀዩ ከታች ይዘቅጣል። ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ ጤነኛ ሰው ላይ ገለባ መሳይ ነው፣ ፈካ ያለ ቢጫ። አንዳንድ ቀን ግን ቱቦውን ሳወጣው እርድ የተበጠበጠበት ይመስላል። ያን ጊዜ ስሙን ሳላነብ ጉበት ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ከዚያ ወረቀቱን አያለሁ። ዕድሜ 22። ዕድሜ 25። ልቤ ስብር ይላል።

ጉበት ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ነው ያለው። የአዋቂ ሰው ጉበት 1.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ውስጡ ሕመም የሚናገር ነርቭ የለውም። ጥርስ ሲበሰብስ ሌሊቱን ሙሉ ያስለቅሳል፤ ጉበት ግን እየተጎዳም ዝም ብሎ ይሠራል። «ምንም አላመመኝም እኮ» የሚለውን ቃል ስንቴ እንደሰማሁት!

በእኛ አገር ዓይን ቢጫ ሲሆን የወፍ በሽታ እንላለን። አንድ ቀን አንዲት እናት የ20 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። «የሌሊት ወፍ ሸንቶበት ነው ጌታዬ» አሉኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የወፍ መድኃኒት ሲያጠጡት ቆይተዋል። ወደ መስኮቱ ወሰድኩትና የታችኛውን የዓይኑን ሽፋን ሳብ አደረግኩ። ይህን ቢጫ በቀን ብርሃን ነው የሚያዩት፤ በአምፖል ብርሃን ያመልጣል። ነጩ በሙሉ ቢጫ ሆኗል። በደሙ ውስጥ ያገኘሁት ሄፓታይተስ ቢ የሚባለውን የጉበት ቫይረስ ነበር። የሌሊት ወፏ ምንም አላደረገችውም። እናትየውን አልቆጣኋቸውም፤ የሚያውቁትን ነው ያደረጉት። እናንተ ግን ልታውቁ ይገባል። በቅጠልና በሥር ከሚዘጋጁት መድኃኒቶች ውስጥ ራሳቸው ጉበት የሚጎዱ አሉ። የታመመ ጉበት ላይ ሲጨመሩ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ዓይናችሁ ቢጫ ሲሆን፣ ሽንታችሁም ሻይ ሲመስል መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ሄፓታይተስ ቢ በደም፣ ጥንቃቄ በጎደለው የግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በሕፃንነቱ ከተያዘ፣ ከ10 ልጆች 9ኙ ጋር ቫይረሱ ዕድሜ ልክ ይቀራል። በአዋቂነት የተያዘ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያስወግደዋል። በደም ስለሚተላለፍ ምላጭ አትዋዋሱ። ፀጉር ቤት ስትገቡ አዲስ ምላጭ ሲከፈት በዓይናችሁ እዩ። ድዷን የምትነቀስ እህት ያለቻችሁ መርፌው ከማን አፍ እንደመጣ ጠይቁላት።

ክትባት አለው። አገራችን ለሕፃናት በሚሰጠው ክትባት ውስጥ ያስገባችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለዳችሁ አልተከተባችሁ ይሆናል። ተመርመሩ፤ ነፃ ከሆናችሁ ተከተቡ። ለአዋቂ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ነው የሚሰጠው። ይህን አጥብቄ የምለው ስለደረሰብኝ ነው። ወጣት እያለሁ የታማሚ ደም የነካ መርፌ ወጋኝ። ያኔ አልተከተብኩም ነበር፤ ያስከተበኝም ሰው አልነበረም። ውጤቱ እስኪታወቅ ወራት ጠበቅኩ። እነዚያን ሌሊቶች ለማንም አልመኝም። ደግሞ ደም ስትለግሱ ደማችሁ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ ይመረመራል። ብዙ ወጣቶች ነገሩን ያወቁት እንደዚያ ነው።

አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ። በዚህ በሽታ የተያዘን ሰው ከማዕድ አታግልሉ። ሄፓታይተስ ቢ በጉርሻ አይተላለፍም፤ አንድ ትሪ ላይ አብሮ በመብላትም አይተላለፍም። ወሎ ላይ ሰው ከማዕድ ተለይቶ እንዴት ይኖራል? በተበከለ ውኃና ባልታጠበ እጅ የሚመጡት ሌሎቹ የሄፓታይተስ ዓይነቶች ናቸው፣ ኤ እና ኢ። ለእነሱ እጅን በሳሙና መታጠብና ንጹሕ ውኃ መጠጣት ነው።

ስለ ጫት ልናገር፣ አትቆጡኝ። ጫት እዚህ ከዱዓውም ከወዳጅነቱም ጋር የተሳሰረ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ የሐረር ጥናት፣ ጫት መቃም ሥር ለሰደደ የጉበት በሽታ የመጋለጥን ዕድል እንደሚጨምር አሳይቷል። ከዚያ ለስላሳው አለ፣ ስኳሩ አለ። ማታ ደግሞ ጨብሲ ተብሎ አረቄ ይጨመርበታል። ጉበት ሦስቱንም ለብቻው ይሸከማል። ከጨብሲ ጀምራችሁ ተዉ። አረቄ ለሚጠጣ ሰው ከሁሉ በፊት የምለው ይህን ነው። ቡናውን ግን ጠጡ፣ ስኳሩን ቀንሱለት እንጂ። ቡና ጠጪዎች ላይ የጉበት ጠባሳ አነስ ብሎ እንደሚገኝ በርካታ ጥናቶች አሳይተዋል።

ከቆላ የሚመጣውን ማሽላ ታውቁታላችሁ። የተቀበረበት ጉድጓድ ሲከፈት የሚወጣውን ሽታም ታውቁታላችሁ። እርጥበት ገብቶት የሻገተ እህል አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊይዝ ይችላል። ይህ መርዝ የጉበት ካንሰር ያመጣል። በምጣድ ሙቀት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ማጠብም ሙሉ በሙሉ አያስወግደውም። ኦቾሎኒም እንደዚያው ነው። መንገድ ላይ ገዝታችሁ ስትፈለፍሉ የተጨማደደና የጠቆረ ፍሬ ካገኛችሁ ጣሉት። የመረረችውንም አትዋጡ፣ ትፏት። ገጠር ያላችሁ ደግሞ እህሉን በደንብ አድርቃችሁ አስገቡ፤ ቤት ውስጥ የሚሆን ጎተራ ከተገኘ ከጉድጓዱ ይሻላል።

ቦርከና ውስጥ የምትዋኙ፣ ቢልሃርዚያን አትርሱ። በከሚሴ በኩል ያለው ሰው በደንብ ያውቃታል። ትሏ በቆዳ ትገባለች፣ እንቁላሏም ጉበት ውስጥ ይቀመጣል። በአካባቢያችሁ የመድኃኒቷ የፕራዚኳንቴል ዘመቻ ሲመጣ ክኒኑን ውሰዱ፤ ዋጋው ከጉበት አይበልጥም።

ፓራሲታሞልም እንደ ከረሜላ አይወሰድም። ለአዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት ባለ 500 ሚሊ ግራም ፍሬ አይለፍ። አረቄ የሚጠጣ ደግሞ ከዚያ በታች፣ ሐኪም ጠይቆ ይውሰድ። ጉበት ላይ ስለሚከማቸው ስብ ብዙ አልልም። ባጃጅ ላይ ቀኑን ሙሉ የምትውሉ ልጆች ጥብሱን ቀንሱና በእግራችሁ ሂዱ። ጦሳ ተራራ እዚያው አጠገባችሁ ነው፤ ውጡት።

ያ ልጅ ከወራት በኋላ ተመልሶ መጣ፣ በሁለት ወንድሞቹና በአንዲት እህቱ ታጅቦ። ዓይኑ ነጥቷል። «ጋሼ፣ እነዚህንም እይልኝ» አለኝ። ከእያንዳንዳቸው ደም ወሰድኩና መመርመሪያውን ጠረጴዛው ላይ በተራ ደረደርኩት። ሩብ ሰዓት ጠበቅን። ትንሿ እህቱ እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ከመስኮቱ አልተነሣችም። ሦስቱም ላይ አንድ አንድ መስመር ብቻ ወጣ። ነፃ ናቸው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያውን ክትባት ወሰዱ።