ሕመም ሳይኖር የታየ የሐሞት ከረጢት ዝቃጭ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል?

አያስፈልገውም። ለሌላ ጉዳይ በተነሡት አልትራሳውንድ በአጋጣሚ ከታየና፣ በጥያቄዎ እንዳሉት ምንም የሚያምዎት ነገር ከሌለ፣ ከረጢቱን ለማስወጣት የሚያቻኩል ምክንያት የለም።

ዝቃጭ የሚባለው ሐሞት ከረጢቱ ውስጥ ሲቆይና ሲወፍር የሚጠራቀም የኮሌስትሮል ብናኝ፣ የካልሲየም ጨውና ንፍጥ ነው። እርግዝና፣ ረጅም ጾምና ሴፍትሪያክሶን የተባለው የፀረ ባክቴሪያ መርፌ ያመጡታል፤ መነሻው ሲወገድ ብዙ ጊዜ አብሮ ይጠፋል። እርስዎ በአጭር ጊዜ ብዙ ኪሎ እንደቀነሱ ጽፈዋል፤ እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው እሱን ነው። ምግብ መዝለሉን ይተዉ፣ ክብደትዎን ቀስ ብለው ይቀንሱ፣ ሐኪምዎ በሚወስነው ጊዜ አልትራሳውንዱን ይድገሙ።

ነገሩ የሚለወጠው ሕመም ሲመጣ ነው። ከቀኝ የጎድን አጥንት በታች ጠንክሮ የሚይዝ፣ ወደ ጀርባ ወይም ወደ ቀኝ ትከሻ የሚዘልቅ ሕመም ከተደጋገመ፣ ያኔ ከረጢቱን ማውጣት ይመከራል። ቀዶ ሕክምና ለማይችል ሰው ኡርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ የተባለው ኮሌስትሮልን የሚያሟሟ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል። ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫ መሆን ወይም አልለቅ ያለ ሕመም ካለ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

አንድ ነገር ልጨምር። የወይራ ዘይትና ሎሚ ጠጥተው «የሐሞት ጠጠሩ ወጣልኝ» በማለት አረንጓዴ ድቡልቡል ነገር በብልቃጥ ይዘው የሚመጡ ታካሚዎች አጋጥመውኛል። ጠጠር አይደለም፤ የጠጡት ዘይት አንጀት ውስጥ ወደ ሳሙናነት ተለውጦ ነው፣ ሲሞቅ ይቀልጣል። ያን ያህል ቅባት በአንድ ጊዜ መጠጣት ከረጢቱን አጥብቆ ያኮማትረዋል፤ ዝቃጩ ወደ ሐሞት ቱቦው ተገፍቶ ከወረደ የቆሽት ብግነት ሊያስከትል ይችላል።