የፋሲካው ድስት ለብቻዬ ከበደኝ

ጥያቄ

ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህንን ደብዳቤ የምጽፍልዎት ደብረ ዘይት ካለፈ በኋላ፣ ሰዉ ሁሉ ፋሲካን በናፍቆት መጠበቅ በጀመረበት ሰሞን ነው። እኔ ግን የቀሩትን ሳምንታት የምቆጥራቸው በስጋት ሆኗል፤ ትዕግሥቴም አልቋል።

ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ውስጥ ሲሆን የባለቤቴ ቤተሰብ በጣም ሰፊ ነው። ቀድሞ ፋሲካንም ሆነ ገናን የምንውለው ጉለሌ በነበረው በአማቴ ቤት ነበር፤ እርሳቸውም ከሠላሳ ዓመት በላይ ዘመድ ወዳጁን ሁሉ በዚያ ቤት ሲያስተናግዱ ኖረዋል። የባለቤቴ አባት ካረፉ በኋላ ግን ቤቱ ተለቅቆ አማቴ ከሴት ልጃቸው ጋር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ መኖር ስለ ጀመሩ፣ የእኛ ቤት ይሰፋል ተብሎ በዓሉ ወደ እኔ መጣ። ፈቃደኛ መሆኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ይኸው ዘንድሮ አራተኛ ዓመቱ ነው።

ባለፈው ፋሲካ 22 ሰው አስተናግጃለሁ። 3 ዶሮ፣ 8 ኪሎ ሽንኩርት፣ 36 እንቁላል፣ ከዚያም ላይ ጥብሱ፣ ክትፎው፣ አልጫው፣ አይቡ፣ ድፎ ዳቦው ሁሉ በእኔ እጅ ያለፈ ነው። ከስቅለት ማግስት ጧት ጀምሮ ከምድጃው ሥር አልተነሣሁም፤ ለትንሣኤው ሌሊት ቤተ ክርስቲያን መሄድም ከቀረብኝ ቆይቷል። ይህን ሁሉ ችዬ ማዕዱ ቀርቦ አማቴ የመጀመሪያዋን ጉርሻ እንደ ቀመሱ፣ በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት «ሽንኩርቱ አልቀለጠም፤ ገና ነበር» አሉ። ሌላ ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ ነገር ግን እጄን ቆርጦ የጣለብኝ ያህል ነው የተሰማኝ። በገናም «ወጡ ቀልጠፍ ብሏል፣ እሳቱ በዝቶበት ነው» ብለውኛል። አንዲት ቀን እንኳን «እጅሽ ይባረክ» ብለውኝ አያውቁም።

ለባለቤቴ ስነግረው «እናቴ ናት፣ ቻያት» ከማለት በቀር መልስ የለውም። እርሱ ከእንግዶቹ ጋር ተቀምጦ ይጫወታል፤ እኔ ከጓዳ ወደ ሳሎን እመላለሳለሁ። እንግዶቹ ሊያግዙኝ ቢነሡም እንግዳ ማሠራት ነውር ስለሚመስለኝ አልፈቅድም። አማቴም ቢሆኑ ቅዳሜ ጧት ደውለው «መጥቼ ሽንኩርቱን ልክተፍልሽ?» ብለውኝ ነበር፤ በገናም እንዲሁ ጠይቀውኛል። ሥራው ሳይጀመር ስሕተት ሊፈልጉብኝ ነው ብዬ ስላሰብኩ ሁለቱንም ጊዜ «ሁሉም አልቋል፣ አይቸገሩ» አልኳቸው። ይህ እንኳን ዋናው ጉዳይ አይደለም። የሚያንገበግበኝ ያን ሁሉ ስለፋ አንድ የምስጋና ቃል ማጣቴ ነው።

ዘንድሮ አሞኛል ብዬ ልጆቼን ይዤ አዳማ ወደምትኖረው እኅቴ ለመሄድ አስቤያለሁ። አንዳንዴ ደግሞ፣ በዓሉ ሳይቀር፣ ሁሉም ከየቤቱ አንድ አንድ ነገር ይዞ ይምጣ ልበል ወይ እላለሁ፤ ነገር ግን ሰው ቤቴ ጠርቼ ምግብ አምጡ ማለት እንዳያሳፍረኝ እፈራለሁ። ባለፈው ፋሲካ የጾሜን መፍቻ የበላሁት እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ጓዳ ውስጥ ቆሜ ነው። ቤቴን ለሰው ከፍቼ እኔም ከሰው ጋር ተቀምጬ የምበላበት መንገድ ይኖር ይሆን?

የበዓል ምድጃ የከበዳት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እኅቴ፣ «አንቺ» ብዬ ስጽፍልሽ እንደ ታላቅ እኅት ቁጠሪኝ።

«ይህ እንኳን ዋናው ጉዳይ አይደለም» ብለሽ ያለፍሽውን ነገር ደጋግሜ አነበብኩት፤ ለእኔ ዋናው ጉዳይ እርሱ ነው። አማትሽ ሁለት ጊዜ ደውለው ሽንኩርት ልክተፍልሽ አሉ፤ አንቺም ሁለት ጊዜ ሁሉም አልቋል ብለሽ መለስሻቸው። ባለፈው ፋሲካ፣ ቅዳሜ ጧት፣ ሽንኩርቱ አላለቀም ነበር። ይህንን አንቺ ታውቂያለሽ፤ እርሳቸውም ያውቃሉ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ የፋሲካ ድስት የጣዱ ሴት በዚያ ሰዓት ጓዳ ውስጥ ምን እንዳለቀና ምን እንዳልተጀመረ በስልክም ቢሆን አይጠፋቸውም። ስለዚህ የሰሙት ቃል «አልቋል» የሚል ቢሆንም፣ የገባቸው ግን «አልፈልግዎትም» የሚል ነው።

ፈቃደኛ መሆንሽን የጠየቀሽ ሰው እንዳልነበረ ጽፈሻል፤ እውነት ነው፣ ሊጠይቁሽ ይገባ ነበር። ነገር ግን እርሳቸውንስ ማን ጠየቃቸው? ባላቸውን ቀበሩ፤ ቀጥሎም ቤታቸውን ለቀቁ፤ ከቤቱም ጋር ምድጃቸውን፣ ድስታቸውን የሚያስቀምጡበትን ጥግና በዓል በመጣ ቁጥር በራቸውን የሚያንኳኳውን ሰው ሁሉ አጡ። ዛሬ በልጃቸው ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የበዓል ዋዜማ ሲደርስ የሚሠሩት የላቸውም። አንቺ ብዙ ሥራ ተጭኖብሽ ታለቅሻለሽ፤ እርሳቸው ደግሞ ሥራ አጥተው ያዝናሉ። በሁለታችሁ መካከል ያለው መንገድ የአንድ ስልክ ያህል ነው፤ የዘጋሽውም አንቺ ነሽ። ይህንን ስልሽ እንደሚያምሽ አውቃለሁ፤ ግን ከእኔ የምትፈልጊው ማባበል ብቻ ቢሆን ኖሮ የስልኩን ነገር ባልጻፍሽልኝ ነበር።

በእንግዳ ፊት የተናገሩት ቃል ልክ አልነበረም፤ ሊናገሩት የሚገባው ጓዳ ውስጥ፣ ድስቱ ገና እሳት ላይ ሳለ ነበር። ነገር ግን ጓዳው ለእርሳቸው ዝግ ስለነበር ቃሉ ማዕድ ላይ ወጣ። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ደግሞ በአፍ ተነግሮ የሚገባ ነገር አይደለም። ደቅቆ ከተከተፈ በኋላ ያለ ዘይትና ያለ ቅቤ በለሰለሰ እሳት ሲቁላላ፣ ሊይዝ ሲል ጠብታ ውኃ ጣል እየተደረገበት ሰዓታት ሲቆይ፣ መቼ እንደ ቀለጠ የሚታወቀው ከሽታውና ማማሰያው ላይ ከሚሰማው ክብደት ነው። ይህ ከአማት ወደ ምራት፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ድስቱ አጠገብ አብሮ በመቆም ብቻ ነው። የአንቺ ልጆችም አንድ ቀን ይህንን ከአንድ ሰው መማር አለባቸው።

ድካምሽን ግን አላቃልለውም። ለ22 ሰው ያንን ሁሉ ምግብ ለብቻ ማዘጋጀት ከአንድ ሰው አቅም በላይ ነው፤ የእኛም ባህል ቢሆን ይህንን ከአንዲት ሴት ጠይቆ አያውቅም። እኔ ያደግሁት ደሴ፣ ብዙ ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው። የበዓል ዋዜማ ሲደርስ የግቢው ሴቶች የየራሳቸውን ቢላዋ ይዘው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየዞሩ ሽንኩርት ይከትፉ ነበር፤ የማን ሽንኩርት በማን እጅ እንደ ተከተፈ የሚቆጥር አልነበረም። በሬው በቅርጫ ተገዝቶ፣ ሥጋው በመደብ በመደብ ተከፍሎ፣ ዕጣ ወጥቶበት ነው ለየቤቱ የሚደርሰው። የጽዋ ማኅበርም ቢሆን በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል እንጂ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ አይቀርም። ታዲያ በመዋጮ በኖረ ሕዝብ መካከል «አንቺ ድፎ ዳቦውን ጋግሪ፣ አንተ ጠጁን አምጣ» ማለት በምን ሒሳብ ነውር ይሆናል? ነውር የሚሆነው ጠሪዋ ቆማ፣ ተጠሪው ተቀምጦ የሚበላበት ቤት ነው። ለእርዳታ የተነሣን ሰው መልሶ ማስቀመጥንም ጨዋነት አድርገሽ አትቁጠሪው፤ እንግዳ ከልቡ የሚዝናናው እጁን አንድ ነገር ላይ ሲያሳርፍ ነው።

ባለቤትሽ ይህንን የሚያነብ ከሆነ አንድ ነገር ልንገረው። በአገራችን ዶሮ ማረድ የወንድ ሥራ ነው፤ እናትህም ቤት አባትህ ያርዱ እንደነበር አልጠራጠርም። ስለዚህ የበዓል ሥራ ከጥንትም የአንተ ድርሻ ነበረበት። ቅዳሜ ሦስቱንም ዶሮ አርደህ፣ ነጭተህ፣ ከልጆችህ ጋር ቆመህ በሎሚና በጨው አሳጥብ፤ እሑድ ደግሞ እንግዳ ተቀብለህ ሳህኑን አንሣ። «ቻያት» ማለት ግን ከእንግዲህ ይብቃህ፤ ሚስትህ አራት ዓመት ችላለች።

ወደ አንቺ ልመለስ። አዳማውን ተዪው። በእኛ አገር ታመመች የተባለችን ሴት ሳይጠይቅ የሚቀር ዘመድ ስለሌለ፣ ውሸቱ ከበዓሉ ዝግጅት ይልቅ ያደክምሻል፤ ልጆችሽም እናታቸው ከበዓል እንደ ሸሸች ያስታውሳሉ። ይልቅስ የምግቡን ዓይነት ቀንሺ። 55 ቀን የጾመ ሰው፣ ያውም አክፍሎ ከሆነ፣ የተልባ ውኃ ቀምሶ ሆዱን ካለሰለሰ በኋላ አንድ የረባ የዶሮ ወጥ፣ አይብና እንጀራ ይበቃዋል፤ ክትፎውና ጥብሱ በአንድ ቀን ሲጨመሩበት ያመዋል እንጂ አይጠቅመውም። እንጀራውን ግዢ። ድፎ ዳቦውን ለባለቤትሽ እኅት ስጪ፤ ጠላና ጠጁን ወዳጆቻችሁ ይያዙ፤ ቡናውን ከወጣቶቹ አንዷ ታፍላ። ቁሌቱ ገና ቅቤ ስላልነካው ረቡዕ ማታ ተሠርቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ይህ ከሆነ ስቅለትን በስግደት ትውያለሽ፤ ቅዳሜ የሚቀርሽ ዶሮውንና ቅቤውን ጨምሮ ማንተክተክ ብቻ ነው፤ ሌሊቱንም ቤተ ክርስቲያን ሄደሽ ከልጆችሽ ጋር ትመለሻለሽ። አራት ዓመት ሙሉ ለሰው ፋሲካ እያዘጋጀሽ ለራስሽ ፋሲካ ሳይኖርሽ መቅረቱ ከሁሉም በላይ አሳዝኖኛል።

አሁን ስልኩን አንሺ። «እማማ፣ ሽንኩርቱ በእኔ እጅ አልሆነልኝም፤ ረቡዕ መጥተው ያሳዩኝ» በያቸው። ይቅርታ የሚለውን ቃል ለብቻው ማውጣት ቢከብድሽ በዚህ ውስጥ አለ፤ እርሳቸውም ይሰሙታል። ምናልባት ረቡዕም ይተቹሽ ይሆናል፤ ጓዳ ውስጥ፣ በሁለታችሁ መካከል እስከ ሆነ ድረስ ይተቹሽ፤ ማማሰያውን ሰጥተሻቸው አጠገባቸው ቁሚ።

እሑድ ማዕዱ ሲቀርብ ደግሞ ጭልፋውን ለእርሳቸው ስጪ። ከ3 ዶሮ 36 ብልት ይወጣል፤ እንቁላሉም 36 ነው፤ ለማን ክንፍ፣ ለማን መላላጫ እንደሚደርስ ከእርሳቸው የተሻለ የሚያውቅ ሰው በዚያ ቤት የለም። ፈረሰኛው ለባላቸው ይወጣ የነበረ ነውና አሁን ለማን እንደሚወጣ ራሳቸው ይወስኑ። አንቺ ግን ያን ጊዜ ጓዳ እንዳትገቢ፤ ከልጆችሽ መካከል ተቀምጠሽ ድርሻሽን ጠብቂ።