ሞተሩ ሲወድቅ የሚከፍለው ማን ነው? ለእህታችን ጥያቄ መልስ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት። የ13 ዓመቱ ልጅሽ ሁለት ዓመት በትናንሾቹ የእሽቅድምድም ሞተር ሳይክሎች ተወዳድሯል። አሁን አንድ ቲም ትልቁ ሞተር ላይ ላውጣው፣ 26 ሺህ ዶላር በቅድሚያ ክፈሉ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልከፈላችሁ ቦታው ለሌላ ይሰጣል ብሏችኋል። ባለቤትሽ ደግሞ ይህን ሁሉ ከምንከፍል ለምን ስፔን አንልከውም ይላል። የዛሬ አምስት ዓመት እኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ ነው የቆምሽው። ቁጥሩ እንኳ ይቀራረባል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ።

1. እስከ ወሩ መጨረሻ ሰባራ ሳንቲም እንዳትከፍዪ። "ቦታው ይሄዳል" ለሁሉም ወላጅ የሚባል ነገር ነው። እኔ ደንግጬ የእቁብ ተራዬን ከአንዷ ጓደኛዬ ጋር ተለዋውጬ አወጣሁ። ባለቤቴ ለጭነት መኪናው ጎማ ያስቀመጠውን ጨመረበት። ማርች ላይ ለመጀመሪያው ልምምድ ስንሄድ፣ ያ "ይሄዳል" የተባለው ቲም ውስጥ አንድ ሞተር ያለ ተወዳዳሪ ቆሞ ነበር። ጊዜ ነበረን ማለት ነው። ውሉን ተቀምጬ ለማንበብ የሚበቃ ጊዜ።

2. ውሉ ላይ ሞተሩ ሲወድቅ ማን እንደሚከፍል በዝርዝር ካልተጻፈ አትፈርሚ። ከሁሉም በላይ ይህን ያዢልኝ። የቀረውን ብትረሺው ግድ የለም።

እኔ ያነበብኩት የመጀመሪያውን ገጽ ነው። ስንት ውድድር፣ ስንት ጎማ፣ መካኒክ አለ፣ ድንኳን አለ ይላል። አራተኛው ገጽ ላይ አንዲት መስመር ነበረች፤ "በአደጋ ለሚደርስ ጉዳት ተወዳዳሪው ኃላፊ ነው" የምትል። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ጣሪያ የላትም፣ የዋጋ ዝርዝር የላትም።

ኒው ጀርሲ ሚልቪል ያለው የእሽቅድምድም ትራክ ላይ ሦስተኛው ዙር ላይ ወደቀ። ልጄ ያኔ 15 ዓመቱ ነበር፤ የሚነዳው ካዋሳኪ ኒንጃ 400 ነው። የፊት ጎማው ከዳውና ተንሸራቶ ሣሩ ላይ ወጣ። ብድግ ብሎ ሲቆም ሳየው እዚያው የትራኩ ዳር ግድግዳ ሥር ተንበርክኬ አመሰገንኩ። በሕክምና መኪና ይዘውት መጡ። የራስ ቁሩን አውልቆ መጀመሪያ ያለኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? "ማሚ፣ ስንት ያስከፍለናል?"

ሰኞ ማታ ሒሳቡ በኢሜይል መጣ። 7,380 ዶላር። የፕላስቲክ ሽፋኑ ሙሉ በሙሉ፣ ሁለቱም መሪዎች፣ የቀኝ እግር መርገጫ፣ ራዲያተር፣ የመካኒክ 14 ሰዓት። ስደውል ሰውየው "ውሉን አንብቢው" ብሎ ስልኩን ዘጋ። ሰላም እንኳ አላለኝም። ከፈልን። ካልከፈልን ቀጣዩ ውድድር ላይ አይወጣማ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሞተሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ራዲያተሩ ታችኛው ጥግ ላይ ድንጋይ የመታው ቦታ አለ፤ ሦስት ክንፎቹ ወደ ውስጥ ታጥፈዋል። ይህን ቦታ አውቀዋለሁ፤ ልጄ ገና በግንቦት አሳይቶኝ ፎቶ አንስቼው ነበር። ስልኬን አውጥቼ አመሳሰልኩት። ያው ነው። በአዲስ ዋጋ ያስከፈሉን ራዲያተር አሮጌው ራሱ ነው። ፎቶውን ሳሳያቸው መካኒኩ መሬት መሬት አየ፤ የቲሙ ባለቤት ግን "ስህተት ይሆናል" ብሎ ሄደ። ገንዘቡ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ከገንዘቡ በላይ ያቃጠለኝ ግን ሌላ ነው። ልጄ ከዚያ በኋላ ሒሳቡን ተሸክሞ መንዳት ጀመረ። ፍሬን ከሚይዝበት ቦታ ቀድሞ ይይዛል። በአንድ ዙር አንድ ሰከንድ ተኩል ዘገየ። በዚህ ስፖርት ይህ ከፊተኞቹ ረድፍ ወደ ኋለኞቹ መውረድ ነው። ፈርቶ የሚነዳ ልጅ ደግሞ ሌሎቹ በማይጠብቁት ቦታ ስለሚዘገይ ከኋላ የሚመጣ ይመታዋል። ታለንት አነሰው ያሉ ነበሩ። ልጄ ታለንት አላነሰውም፤ የእናቱን ደመወዝ እያሰበ ነበር።

የሚቀጥለውን ዓመት ውል እኔ ነኝ ያጻፍኩት። ለአንድ አደጋ ጣሪያው ይህን ያህል፣ ለዓመቱ ይህን ያህል። ዕቃ በደረሰኝ ዋጋ ብቻ። የተቀየረው አሮጌ ዕቃ ለእኛ ይሰጣል። ከእያንዳንዱ ውድድር በፊትና በኋላ ሞተሩ ፎቶ ይነሳል። ሌላ ተወዳዳሪ መትቶ ከጣለው ወጪው እኩል ይካፈላል። ክፍያው በአራት ጊዜ። ሁለት ቲሞች እምቢ አሉ። ሦስተኛው "እናት ሆና ይህን የጠየቀ የለም" አለና ፈረመ።

3. የልጅሽ የልደት ሰርተፊኬት ሁልጊዜ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር። ይህ የእኛ የሐበሾች ችግር ነው፣ ሌላው ወላጅ አያውቀውም። የልጁ የቤተሰብ ስም የአባቱ ስም ነው፤ የእኔ ደግሞ የአባቴ። አንድ ትራክ ላይ የምዝገባ ጠረጴዛ ጋ የተቀመጠችው ሴትዮ መታወቂያዬን አገላብጣ አይታ "እናቱ ለመሆንሽ ምን ማስረጃ አለሽ?" አለችኝ። ስማችን አይመሳሰልማ። ባለቤቴ ጭነት ይዞ ዋዮሚንግ ነው፣ ስልኩ አይሠራም። ልጁ የቆዳ ልብሱን ለብሶ አጠገቤ "ማሚ" እያለኝ ቆሟል። ስለ አገራችን ስም አወጣጥ ላስረዳት ብሞክር እጇን አንስታ "ቀጣይ" አለች። ከኋላዬ ያሉት ሰዎች ሁሉ ሲያዩኝ ፊቴ ጋለ። የጠዋቱ ልምምድ አለፈን። ከዚያ ወዲህ ሰርተፊኬቱና የአባቱ በኖተሪ የተረጋገጠ ፈቃድ ፕላስቲክ ውስጥ ሆነው ከእኔ አይለዩም።

ስፔኑን ልመልስልሽ። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። ባለቤትሽ ትክክል ነው፤ ወደ ዓለም ሻምፒዮና የሚወስደው መንገድ በዚያ ነው የሚያልፈው። ግን ከፍለሽ ልትልኪው ከሆነ እኔ አይሆንም ነው የምለው። የሬድ ቡል ሩኪስ ካፕ የሚባል የታዳጊዎች ውድድር አውሮፓ ውስጥ ከ2007 ጀምሮ አለ፤ ሞተሩን የሚያቀርበው አዘጋጁ ነው፣ ልጆቹ የሚገቡትም በምርጫ ነው። ሆርሄ ማርቲን በ2014 እዚያ አሸንፎ በ2024 የሞቶ ጂፒ፣ የዓለም ሻምፒዮናው ትልቁ ምድብ፣ ሻምፒዮን ሆነ። ፔድሮ አኮስታ በ2020 እዚያ አሸንፎ በቀጣዩ ዓመት የሞቶ 3፣ የትንሹ ምድብ፣ ሻምፒዮን ሆነ። ልጅሽ ለመግባት ከበቃ ይመረጣል። ከአሜሪካ የሄደውን የካሜሮን ቦቢየርን ታሪክ ደግሞ ለባለቤትሽ አሳዪው። ሩኪስ ካፕ ነዳ፣ በ2009 በ125 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮና የስፔናዊው ኮከብ የማርክ ማርኬዝ የቲም ጓደኛ ነበር። ሳይሳካለት ተመለሰና ከ2015 እስከ 2020 እዚሁ ሞቶ አሜሪካ በሚባለው የአገሪቱ ሻምፒዮና ላይ አምስት ጊዜ የሱፐርባይክ ሻምፒዮን ሆነ። አሜሪካዊው ኒኪ ሄይደንም ቢሆን ኬንታኪ ውስጥ በአቧራ ሜዳ እሽቅድምድም ነው ያደገው፤ በ2006 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እዚህ ታለንት ካፕ የሚባል የታዳጊዎች ውድድር አለ፤ ሁሉም የሚነዱት አንድ ዓይነት ሞተር ነው፣ ልጅሽም 14 ሊሞላው ነው። ምን ያስቸኩላችኋል?

አንድ ነገር ደግሞ ሳልነግርሽ አላልፍም፤ እናት ነሽና። በ2021 በአራት ወር ውስጥ ሦስት ልጆች በዚህ ስፖርት ሞቱ። ጄሰን ዱፓስኪየ ሙጄሎ ላይ፣ 19 ዓመቱ ነበር። ሁጎ ሚያን አራጎን ላይ፣ 14። ዲን ቤርታ ቪኛሌስ ሄሬዝ ላይ፣ 15። ሦስቱም ወድቀው ከኋላ በመጣ ሞተር ነው የተመቱት። ከዚያ በኋላ ነው ለዓለም ሻምፒዮና መግቢያው ከ2023 ጀምሮ 18 ዓመት የሆነው፣ ከጥቂት ልዩ ፈቃድ በቀር። ትናንሾቹ ሞተሮች ጉልበታቸው እኩል ስለሆነ ልጆቹ አሥራ አምስት ሆነው ተጣብቀው ይሄዳሉ። ያ ነው የሚያስፈራው፣ ፍጥነቱ አይደለም። ስለዚህ ቲሙን ስታናግሪ ስንት ፈረስ ጉልበት አለው አትበዪ። በቡድን ውስጥ መንዳት የሚያስተምረው ማን ነው በዪ። ኤርባግ ያለው ልብስ ግዢ፤ በዓለም ሻምፒዮና ከ2018 ጀምሮ ግዴታ ነው። ልጁ ያድጋል ብለሽ ሰፊ እንዳትገዢ፤ ሰውነቱን ካልያዘው በወደቀ ጊዜ ይዞራል። የወደቀ የራስ ቁር ደግሞ ምንም ባይታይበት ይጣላል። የጤና ኢንሹራንሳችሁ እሽቅድምድም ይሸፍን እንደሆነም በጽሑፍ አስመልሺ፤ በስልክ የተባለ አይቆጠርም።

ስፖንሰር ለሚሉሽ፣ እኛ ደብዳቤ ለትልልቅ ኩባንያ ስንልክ ከረምን፤ የመለሰ የለም። የረዳን ሰፈራችን ያለው የሐበሻ ግሮሰሪ ነው። 1,500 ዶላርና ለዓመቱ ሙሉ እንጀራ። ስሙን በአማርኛ ፊደል ሞተሩ ጎን ላይ አስጻፍነው፤ ፎቶ አንሺዎቹ ሁሉ ምን ቋንቋ ነው ብለው መጡ። ከሐበሻ ጀምሪ። አታፍሪ።

ልጄ አሁን 19 ዓመቱ ነው። ሻምፒዮን አልሆነም፣ ገና ነው። ግን ባለፈው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ቲሙ አንድ ብር አልጠየቀንም። ቅዳሜና እሁድ ውድድር ከሌለው ሰሚት ፖይንት የሚባለው ትራክ ላይ ጀማሪዎችን እያስተማረ ይከፈለዋል። የመጀመሪያውን ሦስተኛነት ሲያገኝ ግድግዳው ላይ ሆኜ ስንተኛ እንደሆነና ስንት ዙር እንደቀረው የሚያሳየውን ሰሌዳ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። "3" ብዬ አወጣሁለት፣ ከሥሩ የቀረው ዙር "2"። በቀጥታው መንገድ ሲያልፍ ግራ እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ አንዴ ነካ አደረገኝ። አየር ላይ ማለቴ ነው። ለእኔ ግን እጄን የነካኝ ነው የመሰለኝ።

የተሰጠሽን ውል ገጽ በገጽ ፎቶ አንስተሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። አራተኛውን ገጽ መጀመሪያ። ማክሰኞና ረቡዕ አልሠራም፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ ደውዪልኝ። ያስጻፍኩትንም ውል እልክልሻለሁ፣ ስሙን ቀይረሽ ተጠቀሚበት።